የልጅ የመጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ6 ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ወላጆች፤ ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ልጄን መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ጋ የምወስደው በስንት ዓመቱ ነው?

የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ የአንድ ዓመት ልደቱን ሳያልፍ። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አካዳሚ የሚመክረው ይህንን ነው። አብዛኛው ሕፃን የመጀመሪያ ጥርሱን የሚያወጣው 6 ወር አካባቢ ነው። ትንሽ ቢቀድም ወይም እስከ ዓመቱ ቢቆይ አያስደነግጥም። 20ዎቹም የወተት ጥርሶች ሦስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ወጥተው ያልቃሉ።

እኛ ጋ የተለመደው ግን ሌላ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፣ ጉንጩ አብጦ ይነጋል፣ ከዚያ ታቅፎ ወደ ክሊኒክ ይሮጣል። እንዲህ የሄደ ልጅ ከጥርስ ሐኪም ጋር የሚተዋወቀው በሕመም ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት ቀድሞ እንዲሆን የሚመከርበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፦ ምንም ሳያመው ይሂድ፣ ምንም ሳያመው ይመለስ። ልጃችሁ 3 ወይም 4 ዓመት ሆኖት ገና ካልሄደም አልረፈደም። ሳያመው ውሰዱት እንጂ።

የወተት ጥርስ መውደቁ ላይቀር ለምን እለፋለሁ?

ይወድቃል፤ ግን አንድ ላይ አይወድቅም። የፊቶቹ 6 እና 7 ዓመት አካባቢ መነቃነቅ ይጀምራሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ መንጋጋው የተበላ ልጅ ገና ስድስትና ሰባት ዓመት ሊያኝክበት ነው። ያለጊዜው ሲነቀል ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ የሚተካው ቦታ ያጣና ተጣሞ ይወጣል። ሥሩ ላይ መግል ከያዘም ከታች እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል።

አንድ ነገር ብዙ ወላጅ ያመልጠዋል። 6 ዓመት አካባቢ ከመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ቤተሰቡ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፣ "ይህም ይወድቃል" ተብሎ ይተዋል። አይወድቅም። ዕድሜ ልክ የሚቆየው እሱ ነው።

የሕፃናት ጥርስ ስፔሻሊስት የግድ ነው?

ከተገኘ እሰየው። ግን እኛ አገር ስፔሻሊስቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በብዛት አዲስ አበባ ነው። ለመጀመሪያ ምርመራ ልጅ የለመደ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ይበቃል። ዋናው ትዕግሥቱ ነው።

ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ትንንሽ ልጆች ታያላችሁ ወይ? እኔስ አብሬ መግባት እችላለሁ? "ካስቸገረ እናስይዘዋለን" የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ ልጁ ምንም ያላመመው እስከሆነ ድረስ፣ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።

ከመሄዳችን በፊት ምን ብዬ ልንገረው?

አጭር አድርጉት። ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጅ ከዋዜማው ማታ መንገር ይበቃል። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ቀደም ቢል ጥሩ ነው፣ ይጠይቃላ። "ነገ ጥርስ የምታይ ዶክተር ጋ እንሄዳለን። ወንበሯ ከፍ ዝቅ ይላል። በትንሽ መስታወት ጥርስህን ታያለች፣ ትቆጥርልሃለች። እኔም አብሬህ ነኝ።" አበቃ። ስለ መንቀልም ሆነ ስለ መሙላት አስቀድሞ ማብራራት አያስፈልግም።

"አይዞህ፣ ምንም አያምህም" ግን ይቅር። በደግነት የተባለ ነው፣ ልጁ የሚሰማው ግን "ያማል ማለት ነው" የሚለውን ነው። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ሕመም በሐሳቡም አልነበረም። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ም እንዲሁ። ሊያለቅስ የሚችልበት ነገር እየጠበቀው እንደሆነ ነገራችሁት።

ከሁሉም የከፋው ግን ቀጠሮው ሳይያዝ ከወራት በፊት ቤት ውስጥ ሲባል የከረመው ነው። ምሳዬን አልበላም ሲል "ዶክተሩን ልጥራልህ?" አልተኛም ሲል "መርፌ ይወጉሃል!" ሐኪሙን ከአያ ጅቦ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠን አሳድገነው፣ አንድ ቀን ጠዋት እጁን ይዘን "ና፣ ዶክተሯ እኮ ጥሩ ናት" እንለዋለን። ማን ያምነናል? ልጁ ክሊኒክ በር ላይ ሲጮህ ብዙ ጊዜ የሚፈራው መሣሪያውን አይደለም፤ መሣሪያውን ገና አላየውም። የሚፈራው እኛ የነገርነውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ይህንን ማስፈራሪያ ከቤት ማውጣት ነው። እናንተ ብቻ መተዋችሁ አይበቃም፤ ለአያቱም፣ ለሞግዚቷም፣ "እኔን ሲነቅሉኝ እኮ…" እያለ ለሚያወራው ታላቅ ወንድሙም ንገሯቸው።

"መርፌ አለ?" ብላ ብትጠይቀኝስ?

አትዋሹ። "ዛሬ ልትቆጥር ነው የምንሄደው። ሌላ ነገር ካስፈለገ ዶክተሯ መጀመሪያ ትነግርሻለች" ማለት ይቻላል፣ እውነትም ነው። "በፍጹም የለም" ብላችሁ ድንገት ካስፈለገ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ የምትሉትን አታምንም።

"ወደ አክስትሽ ቤት ነው የምንሄደው" ብሎ ወስዶ ክሊኒክ ማስገባትም ያው ነው። ያን ቀን ይሠራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ታክሲ ውስጥ በገባች ቁጥር ትጠረጥራችኋለች።

ቤት ውስጥ ምን እናለማምደው?

ዋናው ልምምድ በየቀኑ ጥርሱን ማጠብ ነው። በራሱ አፍ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ የለመደ ልጅ ለሐኪም አፉን ለመክፈት አይቸገርም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛቱ በፊት። ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው ኮልጌት ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት አያስፈልግም። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ ራሱ ካጠበ በኋላ እናንተ ድገሙለት፣ እጁ ገና አልጠነከረም። መፋቂያ ለለመደ ትልቅ ሰው ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ድድ ግን ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል።

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ጨዋታ አድርጉት። ጭናችሁ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ የስልካችሁን መብራት አብሩ፣ ጥርሱን በጣታችሁ እየነካችሁ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ተራው የእሱ ይሁን፤ የእናንተን ይቁጠር። የተነቀለ ካለባችሁ "ይሄ የት ሄደ?" ማለቱ አይቀርም፣ መልስ አዘጋጁ። አሻንጉሊቷም ተኝታ ትመርመር። አስር ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው።

ስንት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ልያዝ? ምንስ ልያዝ?

ጠዋት፣ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ። ልጁ እንቅልፉን ጠግቦ፣ ቁርሱን ቀለል አድርጎ በልቶ፣ ጥርሱን ታጥቦ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚተኛ ልጅን በዚያ ሰዓት መውሰድ ራስን መቅጣት ነው። ወረፋ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ቀድማችሁ ካርድ አውጡ፣ የሚጫወትበት ነገርም ያዙ።

የክትባት ካርዱን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስም እና የሚወደውን አሻንጉሊት ያዙ። የልብ ሕመም፣ ቶሎ የማይቆም ደም፣ አስም ወይም የመድኃኒት አለርጂ ካለበት ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ። አንዳንድ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ጥርስ ከመነቀላቸው በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለባቸው። እንደ ሠርግ ቤተሰቡ ሁሉ አይከተል፤ አንድ ሰው ይበቃል።

ክፍሉ ውስጥ ምን ያደርጉታል?

ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ አይወጣም። እናትና ሐኪም ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ልጁ እናቱን እያየ ይታቀፋታል፣ እግሮቹ በወገቧ ግራና ቀኝ። ከዚያ ቀስ ተደርጎ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጭንቅላቱ ሐኪሟ ጭን ላይ ያርፋል። እናት እጆቹን ትይዛለች፣ እሱ ከሥር ሆኖ የእሷን ፊት ያያል። ሐኪሟ ጥርሱንና ድዱን አይታ፣ ቆጥራ፣ ስትጨርስ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ይህን አያያዝ ከላይ ያልነው የጭን ጨዋታ ያስለምደዋል።

ተለቅ ያለ ልጅ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ይነግራል፣ ቀጥሎ ያሳያል፣ ከዚያ ይሠራል። መስታወቱን ያስይዘዋል፤ ውኃ የሚረጨውን መዳፉ ላይ ይሞክርለታል፤ ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ ጣቱ ላይ ያስነካዋል። ድምፁን የሰማው ነገር አፉ ውስጥ ሲገባ አይበረግግም። ካስፈለገ ጥርሱን ያጸዱለታል፣ ፍሎራይድ ይቀቡለታል። እናንተ ደግሞ ስለ ጡጦ፣ ስለ ጣፋጭ፣ ጣቱን ስለመጥባቱ ትጠየቃላችሁ። እውነቱን ተናገሩ። ማታ ጡጦ አፉ ውስጥ እያለ የሚተኛ ልጅ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ቀድመው ይበላሻሉ፤ ጡጦው ውስጥ ስኳር ያለው ሻይ ከሆነማ አይጣል ነው። ሐኪሙ ይህን ጥርሱን አይቶ ያውቀዋል።

ካለቀሰና አፌን አልከፍትም ካለስ?

የ2 ዓመት ልጅ ማልቀሱ ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት ሐኪሟ የፈለገችውን ታያለች። እናንተ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ "ክፈት! ጎበዝ! ክፈት በለው!" ካለው ማንን እንደሚሰማ አያውቅም። ሐኪሙ ይናገር፣ እናንተ እጁን ያዙ። ስታመሰግኑትም "ጎበዝ" ብቻ ሳይሆን ያደረገውን ጥሩለት፦ "አፍህን ትልቅ አድርገህ ከፈትክ።"

አስቸኳይ ነገር ከሌለ ደግሞ ሌላ ቀን መመለስ ይቻላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ይዞ ወደ ቤት ቢመለስ፣ ለእኔ ያ የተሳካ ቀን ነው። ሽልማት ካስፈለገ ኳስ ወይም ተለጣፊ ሥዕል ይሁን። ከጥርስ ሐኪም ወጥቶ ከረሜላ መግዛት አስቂኝ ነው፤ በየክሊኒኩ አጠገብ ያለው ሱቅ ግን ይሸጣታል።

አሁኑኑ እያመመው ቢሆንስ? የመጀመሪያው ቀን ሕመም ያለበት ሆነ።

ያጋጥማል። ያን ጊዜ መዘግየት አይገባም። እስክትደርሱ በክብደቱ ልክ የተለካ ፓራሲታሞል ስጡት፣ አፉን ለብ ባለ ውኃ አጉመጥምጡት። ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም አስፕሪን ጥርሱ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥላል፣ ሕመም ላይ ሕመም ይጨምራል። "ትል ነው የበላው" ተብሎ የሚታጠነውም ትል አያወጣም፣ ትል የለማ። ጥርሱን የሚቦረቡረው ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው። ፊቱ ካበጠና ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይኑ ወይም ወደ አንገቱ ከሄደ ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ለልጁ እውነቱን ንገሩት፦ "ጥርስህ ታሟል፣ ዶክተሯ ልታስተኛት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል።" ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ ከንፈሩ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይደነዝዛል። በዚህ ጊዜ ዓይናችሁ ከእሱ አይራቅ። ልጆች የደነዘዘ ከንፈራቸውን እንደ ማስቲካ ያኝኩታል፣ ማታ አብጦና ቆስሎ ስታዩት ሐኪሙ ያበላሸው ይመስላችኋል። ድንዛዜው እስኪለቀው ምግብ አይብላ።

እናቴ "የሚያስቀምጠው ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው፣ ግጉ ይውጣለት" ትላለች። ምን ልበላት?

በአክብሮት፣ ግን ቁርጥ አድርጋችሁ እምቢ በሉ። ጥርስ ሲወጣ ድድ ያሳክካል፣ ልሃጭ ይበዛል፣ ልጅ ይነጫነጫል። ከባድ ተቅማጥና ከፍተኛ ትኩሳት ግን ከጥርስ አይመጣም። በዚያ ዕድሜ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ከእናቱ ያገኘው የመከላከል አቅምም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ተቅማጡና ጥርሱ አንድ ጊዜ ላይ ይገጣጠማሉ። ለተቅማጡ ኦአርኤስ ስጡትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ድዱ ላይ ነጭ እብጠት ታይቶ "ግግ" ተብሎ የሚቆረጠው ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ነው። ባልተቀቀለ ስለት ሲወጣ ልጁ ደሙ ሊፈስ፣ ሊመረቅዝ፣ በቴታነስ ወይም በኤች አይ ቪ ሊያዝ ይችላል። ከታች ያለው ቋሚ ክራንቻም ተበላሽቶ ሊወጣ ወይም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም የወተት ጥርስ ማውጣትንና እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር ቆጥሮ ይጠቅሳቸዋል። እማማን በክርክር ከመርታት ይልቅ አብራችሁ ክሊኒክ ውሰዷት። ሐኪሙ "ይሄ ጥርስ ነው" ብሎ በጣቱ ሲያሳያት ከእናንተ ይልቅ ትሰማዋለች። የወለቀ የወተት ጥርስን ጣሪያ ላይ መወርወሩ ግን ይቀጥል፣ እሱ ማንንም አልጎዳም።

የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው፤ የታላቅየው ጥርስ ቡናማ ሆኗል። ታናሹንስ ማዳን ይቻላል?

በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በአካባቢያቸው ያለው የጉድጓድ ውኃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ነው። ጥርሱን ቡናማ የሚያደርገው ይህ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ እየተሠሩ ባሉበት ጊዜ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ነው። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ያያችሁት ቀለም በብሩሽ አይለቅም። ውኃውን ማፍላት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይከማቻል። ለታናሹ መጠጫና ምግብ ማብሰያ የዝናብ ውኃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውኃ ማግኘት ከቻላችሁ ያድነዋል። የት እንደምትኖሩ ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፣ ስለ ኮልጌቱና ስለሚቀባው ፍሎራይድ የሚወስነው በዚያ ነው።

የታዘዘለት የብረት ሽሮፕ ያጠቆረው ጥርስ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ያ ከላይ የተለጠፈ ስለሆነ ይጸዳል።

ውጭ አገር ነው ያለነው። ሕክምናው ውድ አይደለም?

ለልጆች ብዙ ቦታ ነፃ ነው፣ ወላጅ ሳያውቅ ይቀራል እንጂ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ልጅ የጥርስ ሕክምናው ይሸፈናል። እንግሊዝ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆኑት በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) በነፃ ይታያሉ። እስራኤል ውስጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች መሠረታዊ ሕክምናውን በኩፓት ሆሊም (በተመዘገቡበት የጤና መድን ድርጅት) በኩል ያገኛሉ። ቋንቋ ካስቸገረ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። የ9 ዓመቷን ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ ማድረግ ለእሷም ለእሱም ከባድ ነው። አንዳንድ ክሊኒኮች ወላጅ ውጭ እንዲቆይ ይፈልጋሉ፤ ያንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እኔ ራሴ ጥርስ ሐኪም እፈራለሁ። ልጄ ላይ አይጋባም?

ይጋባል። ልጅ ቃላችንን ከመስማቱ በፊት ፊታችንን ያያል፣ የያዝነው እጁ ሲጠብቅ ይሰማዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የማይፈራ ሰው ካለ እሱ ይውሰደው። አባቱ፣ አክስቱ፣ ማንም ይሁን ልጁ የሚያምነው። "እናት ካልሄደች" የሚል ሕግ የለም።

ሌላ ሰው ከሌለ ፍርሃታችሁን ለሐኪሙ በስልክ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ልጁ ፊት አይሁን። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ወንበሩን ሳይሆን ልጁን እዩ፣ የሚወደውን ተረት በዝግታ አውሩለት። የእናንተ ጥርስ ምርመራ ለሌላ ቀን ይቀጠር። በዚያ ቀን ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።